ሠሪ አልባ ቅርሶች፦ የእደ ጥበብ ስብስብ ኩሬተር ሥራ ከየት ይጀምር?

መግቢያ

አንድ መሶብ ወደ ሙዚየም ሲገባ ሁለት ነገር ይደርስበታል። ከጭስ፣ ከብልና ከዕለት ተዕለት አገልግሎት ይድናል፤ በዚያው ልክ ደግሞ ከሰፋችው ሴት፣ ከቀረበበት ማዕድና በአካባቢው ከሚጠራበት ስም ይለያል። የመጀመሪያውን ጥበቃ እንለዋለን፤ ለሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ ስም አላወጣንለትም። ማንም ሆን ብሎ ስላላደረሰው ማንም አይጠየቅበትም። ይሁን እንጂ በየስብስቡ መደርደሪያ ላይ የተቀመጡ ብዙ ዕቃዎች ዛሬ ድንቅ ሆነው የሚታዩ፣ ስለ ራሳቸው ግን ጥቂት ብቻ የሚናገሩ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው። በኢትዮጵያ ሙዚየሞች በሽመና፣ በስፌት፣ በሸክላ፣ በቆዳ፣ በእንጨትና በብረታ ብረት ሥራዎች ስብስብ ላይ የሚመደብ ኩሬተር ከዐውደ ርእይ ዝግጅትም ሆነ ከጎብኚ መስተንግዶ በፊት ሊያስቀድመው የሚገባ ሥራ የአሠራሩንና የሠሪውን ታሪክ መመዝገብ ነው። ይህ ሥራ የጊዜ ገደብ አለው። ዕቃው በመጋዘን ውስጥ ሃምሳ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ዕቃው እንዴት እንደተሠራ የሚያውቀው ሰው ግን ያን ያህል አይጠብቀንም።

አስተያየቱ የተመሠረተው ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናት በአንድ ሙዚየም የዕቃ ክፍል ውስጥ በቆየሁባቸው ወራት ባስተዋልኩት እና በመስኩ በይፋ በሚታወቁ ጥቂት ማሳያዎች ላይ ነው። ዓላማው ማንንም ተቋም መክሰስ አይደለም፤ የሙያውን የሥራ ቅደም ተከተል እንደገና እንድንመለከተው መጠየቅ ነው።

ስያሜው የሚሸፍነው

«ጌጣዊ ጥበባት» በሚል የምንተረጉመው የሙዚየም ዘርፍ የተወለደው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደን ከተካሄደው ታላቁ ዐውደ ርእይ ማግስት፣ በ1852፣ የፋብሪካ ውጤቶች ሙዚየም በሚል የተቋቋመውና በ1899 ቪክቶሪያና አልበርት የተባለው ሙዚየም የዘርፉ ዋነኛ ምሳሌ ነው። መነሻ ዓላማው የእንግሊዝን አምራቾች የንድፍ ችሎታ ማሻሻልና የሕዝቡን የውበት ምርጫ ማረቅ ነበር። ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ራሳቸውን የቻሉ ጥበቦች ሆነው ከፍ ብለው ሲቀመጡ፣ ጨርቁ፣ ሸክላው፣ ብሩና የቤት ዕቃው «ጌጥ» የሚለውን ስም ይዞ ከሥር ተመደበ።

ይህ ክፍፍል ወደ እኛ ሲመጣ አይገጥምም። የመጾር መስቀል ጌጥ ነውን? መሶብስ? ከአንገት ላይ ከሚንጠለጠለው ማተብ እስከ ሙሽራ ካባ ድረስ ያለው ዕቃ በአገልግሎቱ የሚታወቅ ነው፤ ውበቱ ከአገልግሎቱ ተነጥሎ የተጨመረበት አይደለም። ይሁንና የእኛም የሙዚየም አመዳደብ የራሱ የሆነ ክፍፍል አለው። የነገሥታትና የመኳንንት ዕቃ በአብዛኛው «ታሪክ» በሚለው ክፍል ይገባል፤ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ «ሥነ ጥበብ» ወይም «ሃይማኖታዊ ቅርስ» ይባላል፤ የገበሬው፣ የሸማኔውና የእናት ጓዳ ዕቃ ደግሞ «የብሔረሰብ ጥናት» ይሆናል። ልብ ብለን ብናየው ይህ አመዳደብ የሚከተለው የባለቤቱን ማዕረግ ነው። አንድ ሸማኔ በአንድ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ የሠራው ኩታ መስፍን ከለበሰው ታሪክ ይሆናል፤ ጎረቤቱ ከለበሰው ግን የባህል ዕቃ ይባላል። በሁለቱም መዝገቦች ውስጥ ሸማኔው የለም።

የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በዚህ ረገድ ጠቃሚ መንገድ አሳይቷል። በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው ይህ ሙዚየም የባህል ዕቃዎቹን በክልል ወይም በብሔረሰብ ከመደርደር ይልቅ ከልደት እስከ ሞት ባለው የሕይወት ዑደት አዋቅሮ አቅርቧል። ጎብኚው የሕፃን ማዘያን፣ የሠርግ ጌጥንና የመቃብር ምልክትን በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ያያል። ዕቃው ከአገልግሎቱ ጋር ተመልሶ የተገናኘበት አቀራረብ ነው። ቀጣዩ እርምጃ ዕቃውን ከተጠቃሚው ጋር ብቻ ሳይሆን ከሠሪው ጋርም ማገናኘት ይሆናል።

የሚያስገርመው ቋንቋችን ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አለመሆኑ ነው። በአማርኛ «ጥበብ» ማለት ዕውቀትና ማስተዋል ነው፤ ኪነት ነው፤ በሴት ቀሚስና በነጠላ ጠርዝ ላይ የሚሸመነው ባለቀለም ጥለትም «ጥበብ» ይባላል። አንድ ቃል የሊቁን አእምሮና የሸማኔውን ጣት በአንድነት ይዟል። ከዚሁ ሥር የወጣው «ጠቢብ» ግን በሌላ አንደበት «ጠይብ» ሆኖ የብረት ሠሪው መሰደቢያ ሆነ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው መስደብን የሚያወግዝ አዋጅ ማውጣታቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ያስረዳል። የሠሪ ስም ከመዝገብ የጠፋው በጸሐፊ ቸልተኝነት ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስለዚህ የዋህነት ይሆናል። ዕቃውን እየወደደ ሠሪውን የሚንቅ ልማድ ነበረን፤ መዝገቦቻችንም ያንን ልማድ ወርሰዋል።

መዝገቡ የሚመልሰውና የማይመልሰው ጥያቄ

አንድ ዕቃ ወደ መንግሥት ተቋም ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ሲወጣም በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ይህ የንብረት አያያዝ ሥርዓት ለወንበርና ለኮምፒውተር ይሠራል። ቅርስ በዚሁ ቅጽ ሲያልፍ ግን የሚጠየቀው ዓይነት፣ ብዛት፣ መለኪያና ዋጋ ነው። በጥናቴ ወቅት ካገላበጥኳቸው የቆዩ መዝገቦች መካከል ብዙዎቹ መስመሮች «መሶብ፣ 1፣ ደህና» ወይም «የብር ጌጥ፣ 3፣ አሮጌ» ከሚል አያልፉም ነበር። በኋላ የተዘጋጁት የቅርስ ቅጾች ፎቶግራፍ፣ ልኬትና የተገኘበትን ቦታ ጨምረዋል። «ሠሪ» የሚለው ዓምድ በአንዳንዶቹ ላይ አለ፤ በብዛት የተሞላው ግን «አይታወቅም» በሚል ቃል ነው፣ ወይም ባዶውን ተትቷል።

«አይታወቅም» እና «አልተጠየቀም» የሚሉት ሁለት መልሶች ልዩነት እንዳላቸው የሚነግረን ቅጽ የለም። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የተሠራ የነሐስ መስቀል ሠሪው ባይታወቅ አያስደንቅም። ነገር ግን ከአሥርና ከሃያ ዓመት ወዲህ ከገበያ፣ ከነጋዴ ወይም ከመንደር የተገዛ ጋቢ፣ ጀበናና ሌማት ሠሪው በሕይወት ያለ፣ ምናልባትም ከሙዚየሙ በአውቶቡስ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ የሚኖር ሰው ሊሆን ይችላል። ግዢው ሲፈጸም ደረሰኝ የሚቆረጠው በነጋዴው ስም ነው። ሠሪው በዚያች ቅጽበት ከታሪክ ይወጣል፤ ዕቃው ደግሞ ገና መዝገብ ሳይገባ «የማይታወቅ» ይሆናል።

የንብረት ሥርዓቱ በኩሬተሩ ላይ ሌላም ተፅዕኖ አለው። ዕቃዎቹን በስሙ ፈርሞ የተረከበ ባለሙያ ቢጎድል ተጠያቂ ነው። ስለዚህ የሙያው ትልቁ ጭንቀት ቁልፍ ይሆናል። ሣጥን መክፈት፣ ዕቃ ማውጣት፣ ለተመራማሪ ማሳየት፣ ሸማኔ ጠርቶ «ይህ እንዴት ተሠራ?» ብሎ መጠየቅ ሁሉ አደጋ እንጂ ሥራ መስሎ አይታይም። በሌላ ቀን ደግሞ ያው ባለሙያ የእንግዶች አስጎብኚ ነው። በጥበቃና በማስጎብኘት መካከል የምርምሩ ሰዓት ይበላል። ይህን የምለው ለባለሙያዎቹ ባለኝ አክብሮት ነው፤ ሥርዓቱ የሚጠይቃቸውን በትጋት ይፈጽማሉ። ችግሩ ሥርዓቱ የሚጠይቃቸው ነገር የኩሬተርን ሥራ አለማካተቱ ነው።

ከመቅደላ የወጡ ሦስት ዕቃዎች

የሠሪ ስም መኖርና አለመኖር የሚያመጣውን ልዩነት ለማሳየት በመቅደላ ምክንያት ወደ ለንደን የተጓዙ ሦስት ዕቃዎችን ማነጻጸር ይበጃል። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው የዘረፈው ቅርስ በተለያዩ ተቋማት ተበትኗል። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከያዛቸው መካከል አንዱ ዳግማዊ ኢያሱና እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ በጎንደር አቅራቢያ ላለው ለደብረ ፀሐይ ቁስቋም የሰጡት የወርቅ ጽዋ ነው። ሙዚየሙ ጽዋው ከ1735 እስከ 1740 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በጎንደር እንደተሠራ ይገልጻል፤ ሠሪውንም ወልደ ጊዮርጊስ ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ ሰው የምናውቀው ከስሙ ብዙ አያልፍም። ቢሆንም ስሙ በር ይከፍታል፤ በጎንደር ዘመን ስለነበሩ የወርቅ አንጥረኞች፣ ስለ ደጋፊዎቻቸው፣ ስለ ሥራ ቦታቸውና ስለ ጽሕፈት ዕውቀታቸው መጠየቅ የሚቻለው ከአንድ ስም ተነሥቶ ነው።

ሁለተኛው ዕቃ የእቴጌ ጥሩወርቅ እንደነበረ የሚነገርለት በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ነው። የዚህ ቀሚስ ታሪክ የለባሿ ታሪክ ነው። ከመቅደላ ውድቀት በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ያረፉት የእቴጌይቱ ሐዘን ከጨርቁ ጋር ተያይዞ ይነገራል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ጥጡን የፈተለችው፣ ሸማውን የሸመነውና ጥልፉን የጠለፈው እጅ ግን በታሪኩ ውስጥ ቦታ የለውም። በሰሜኑና በመካከለኛው የሀገራችን ክፍል የፈትል ሥራ የሴት፣ የሽመና ሥራ የወንድ ሆኖ ቆይቷልና አንድ ቀሚስ ቢያንስ የሁለት ሰዎችን፣ ብዙ ጊዜም የሁለት ቤቶችን ድካም ይሸከማል። «የሸማኔ ሥራ» ብለን ስንጽፍ እንኳ ፈታይዋን ቀድመን ጥለናታል።

ሦስተኛው በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው ከመቅደላ የተወሰደ ትልቅ የሐር መጋረጃ ነው። አሠራሩ ቀዳዳ ባላቸው ትናንሽ ገበታዎች ድሩን እያዞሩ በመሸመን ነው። ይህ ስልት ዛሬ በሽሮሜዳም ሆነ በጨንቻ በምናያቸው ሸማኔዎች ዘንድ የተለመደ አይደለም። በመጋረጃው ላይ የሰው ምስል ሳይቀር በሽመና ወጥቷል፤ እንዲህ ያለውን ሥራ የሠራ ሰው ዓመታት የፈጀ ትምህርት እንደነበረው መገመት አያዳግትም። ተመራማሪዎች ስልቱን የደረሱበት የክሩን አካሄድ መስመር በመስመር እየተከተሉ ነው። አስተማሪው፣ ደቀ መዝሙሩ፣ የሥራው ስምና የመሣሪያው መጠሪያ አብረው ሄደዋል። አንድ የሥራ ስልት ሲሞት ምን እንደሚመስል ለማየት ከዚህ የበለጠ ማሳያ አያስፈልግም፤ ድንቅ ዕቃ ይተርፋል፣ ዕቃውን እንደገና መሥራት የሚችል ሰው አይተርፍም።

ቁሱን ማንበብ

ኩሬተሩ ሰነድ ባጣበት ቦታ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት አይደለም። ቁሱ ራሱ ይነበባል። በአሥራ ዘጠነኛውና በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠሩ የብር መስቀሎችና ጌጣጌጦች ብዙዎቹ ከማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ቀልጠው የወጡ ናቸው። ጠገራው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህም 83 በመቶው ገደማ ንጹሕ ብር ነው። የአንድ አምባር የብር ጥራት ወደዚህ መጠን መቅረቡ የጥሬ ዕቃውን ምንጭ ይጠቁማል፤ ክብደቱም ስንት ጠገራ እንደፈጀ ለማስላት ይረዳል። የሀገር ቤት አንጥረኛ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ደንበኛው ራሱ ባመጣው ጠገራ ስለነበር ስሌቱ ስለ ደንበኛውም ሀብት ይናገራል። አንድ ጌጥ በዚህ መንገድ ሲታይ የንግድ መስመር፣ የገንዘብ ታሪክና የአንድ ቤተሰብ ጥሪት ይሆናል።

ስፌትም እንዲሁ ነው። መሶቡ የተሰፋው ከስንደዶና ከአክርማ ነው ማለት መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። አለላው በምን ቀለም ተነከረ? በአካባቢው ከሚገኝ ዕፅ ነው ወይስ ከሱቅ በተገዛ ዱቄት ቀለም? የወስፌው አካሄድ ጥብቅ ነው ወይስ ልል? መቀመጫው በቆዳ የተለበጠው መጀመሪያ ነው ወይስ ከተጎዳ በኋላ? ለሙሽራ የተሰጠ ነው ወይስ ለሽያጭ የተሰፋ? በሐረር ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ስፌቶች በቤቱ ውስጥ የየራሳቸው ሥፍራ አላቸው፤ ከግድግዳው ወርደው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለየብቻ ሲደረደሩ ያ ሥርዓት ይፈርሳል። እነዚህን ጥያቄዎች በእርግጠኝነት የምትመልሰው የምትሰፋዋ ሴት ናት። እኔ ራሴ በአንድ መሶብ ፎቶግራፍ ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጅቼ ያልለየሁትን ጥገና አንዲት ሰፊ እናት ዕቃውን አገላብጠው ባዩበት ቅጽበት በጣታቸው አሳይተውኛል፤ «ይሄ የሌላ ሰው እጅ ነው» ነበር ያሉት። የሁለት ሰዎች የእጅ ጽሕፈት እንደሚለይ ሁሉ የሁለት ሰዎች ስፌትም ይለያል። በሥነ ሥዕል ጥናት የሠዓሊን እጅ መለየት የተከበረ ምሁራዊ ሥራ ነው። ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ በኢትዮጵያ ሥዕሎችና መስቀሎች ላይ ያደረጉት የዓመታት ምርምር እንዲህ ያለውን ትኩረት ለሃይማኖታዊ ቅርስ ሰጥቷል። ለመሶቡና ለጀበናው ያንኑ ትኩረት የምንነፍግበት ምክንያት አይታየኝም።

የጥበቃ ሥራውም ቢሆን ከአሠራር ዕውቀት ተለይቶ አይቆምም። ለጨርቅ የሚፈቀደው የብርሃን መጠን በተለምዶ ከ50 ሉክስ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ነገር ግን የትኛው ቀለም ቀድሞ እንደሚደበዝዝ ለማወቅ ቀለሙ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ብርን ማጽዳት ቀላል ይመስላል፤ አንጥረኛው ሆን ብሎ ያጠቆረውን የጌጥ ጉድጓድ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ የሚወለውል ሰው ግን ሥራውን ያጠፋዋል። ቅዱሳት ንዋያትን ማን ሊነካቸው እንደሚገባ፣ የትኛው ጭራሽ ለዕይታ እንደማይቀርብ የሚወስነውም የአገልግሎት ዕውቀት ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ ቢያንስ አራት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ስም አለመጻፍ ራሱ ባህል ነው የሚል ነው። ለቤተ ክርስቲያን የሠራ አንጥረኛ ወይም ሠዓሊ ስሙን የሚሰውረው በትሕትና ነው፤ ዋጋውን ከፈጣሪው ይጠብቃል። ይህ ክብደት ያለው መከራከሪያ ነው፤ ኩሬተሩም ሊያከብረው ይገባል። ነገር ግን ሠሪው በፈቃዱ ስሙን መሰወሩና ገዢው ወይም መዝጋቢው ሳይጠይቀው መቅረቱ አንድ አይደሉም። የጽዋው መዝገብ እንደሚያሳየውም ስም ማስፈር ከሥርዓቱ ጋር ሁልጊዜ የሚጣላ አልነበረም። ደግሞም ትሕትናው የመንፈሳዊ ሥራ ነው፤ ለገበያ የተሠራ ሸክላ ላይ ልንዘረጋው አንችልም።

ሁለተኛው ስም መመዝገብ ሠሪውን ለንቀት ያጋልጠዋል የሚል ነው። ባለ እጅነት እስከ ዛሬ በጋብቻና በጉርብትና ላይ ጥላ በሚያጠላባቸው አካባቢዎች ይህ ስጋት እውነተኛ ነው። መልሱ ፈቃድ መጠየቅ ነው። ሠሪው ስሙ እንዲወጣ፣ በመዝገብ ብቻ እንዲቀር ወይም ጭራሽ እንዳይጻፍ የመምረጥ መብት አለው። ዝምታውን ለእርሱ እኛ ከመረጥንለት ግን ንቀቱን አስቀጠልነው እንጂ አልተከላከልነውም። በቆዩ መዝገቦች ውስጥ የሚገኙ የስድብ መጠሪያዎችም እንዳልነበሩ መፋቅ የለባቸውም፤ የዘመኑ ማስረጃ ሆነው ይቆዩ፣ ከጎናቸው ግን ማኅበረሰቡ ራሱን የሚጠራበት ስም ይጻፍ።

ሦስተኛው ከዚህ የሚቀድም ጉዳይ አለ፤ የተዘረፉ ቅርሶችን ማስመለስ ይቅደም የሚል ነው። የማስመለሱ ጥያቄ ፍትሐዊ መሆኑን አልጠራጠርም። የእንግሊዝ ብሔራዊ ጦር ሙዚየም የአፄ ቴዎድሮስን ጉንጉን ጸጉር እ.ኤ.አ. በ2019 መመለሱ በሩ ፈጽሞ የተዘጋ እንዳልሆነ አሳይቷል፤ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የብሔራዊ ቅርስ ሕግ መታሰሩን ሲገልጽ ቆይቷል። ሁለቱ ሥራዎች ግን አይሻሙም። ስለ ወጡብን ዕቃዎች ዝርዝር መዝገብ የምንጠይቅ ሰዎች በእጃችን ስላሉት ዝርዝር መዝገብ ቢኖረን ክርክራችን ይጠነክራል። ነገ ከእኛው መጋዘን አንድ ዕቃ ቢጠፋና በሌላ ሀገር ጨረታ ላይ ቢታይ «መሶብ፣ 1፣ ደህና» የሚል መስመር የእኛ ስለመሆኑ ምን ያስረዳልናል?

አራተኛው የገንዘብና የሰው ኃይል እጥረት ነው። እጥረቱ አለ። ይሁንና እዚህ የሚጠየቀው አዲስ ሕንፃ ወይም ውድ መሣሪያ አይደለም። አንድ የተሻሻለ ቅጽ፣ አንድ የድምፅ መቅጃና የውሎ አበል የሚከፈለው አንድ ሸማኔ ከብዙ የመስታወት ሣጥኖች ያነሰ ወጪ ይጠይቃል።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተነሣው በመነሣት አምስት ነገሮች እንዲታሰቡበት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የቅርስ መመዝገቢያ ቅጾች የሠሪን ዓምድ ለሦስት ይክፈሉት፤ «ስሙ የታወቀ»፣ «ተጠይቆ ያልታወቀ» እና «ገና ያልተጠየቀ» በሚል። ይህች ትንሽ ለውጥ ባዶውን ዓምድ ወደ ሥራ ዝርዝር ትለውጠዋለች።

ሁለተኛ፣ ከአሁን በኋላ የሚገዛ ማንኛውም የእጅ ሥራ የሠሪው ስም፣ ቦታ፣ የዕቃው የአካባቢ መጠሪያና የተሠራበት ቁስ ሳይጠየቅ ገቢ አይሁን። በነጋዴ በኩል የሚመጣ ከሆነ ነጋዴው ሠሪውን እንዲያገናኝ የግዢው ውል ያስገድድ።

ሦስተኛ፣ ባለ እጆች ወደ ዕቃ ክፍሉ ይግቡ። ሸማኔ ጨርቁን፣ አንጥረኛ ብሩን፣ ሰፊ እናት መሶቡን ኩሬተሩ ባለበት ይመርምሩ፤ የሚሉትም በራሳቸው ቃል ተቀድቶ በመዝገቡ ላይ ስማቸው እንደ ምንጭ ይጻፍ። ለሙያቸውም እንደ ማንኛውም አማካሪ ይከፈላቸው። አንድን ባለሙያ በዕውቀቱ ተጠቅሞ በሻይ መሸኘት ትናንት ከነበረው ንቀት ብዙም የራቀ አይደለም።

አራተኛ፣ የንብረት ተጠያቂነት ሥርዓቱ ቅርስን ከተራ ዕቃ ይለይ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ሲደነግግ ጥናትን ከጥበቃ ጋር አብሮ ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ዕቃን ለጥናት ማውጣትና መመለስ ግልጽ ሥነ ሥርዓት ቢበጅለት ኩሬተሩ ሣጥን በከፈተ ቁጥር ደመወዙን አስይዞ የሚከፍት አይመስለውም።

አምስተኛው ለእኛ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለትምህርት ክፍሎቻችን ነው። በየዓመቱ ስለ እደ ጥበብ የሚሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎች ቃለ መጠይቅ ይሰበስባሉ፤ ድምፁና ፎቶግራፉ ግን በተማሪው ስልክና ኮምፒውተር ውስጥ ይቀርና ስልኩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል። የመስክ መረጃው በተጠያቂዎቹ ፈቃድ አግባብ ላለው ሙዚየም ገቢ መሆኑ ለምርቃት ከሚጠየቁት መስፈርቶች አንዱ ቢሆን፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማንም በጀት ያልመደበለት መዝገብ ይኖረናል።

ማጠቃለያ

የእደ ጥበብ ስብስብ ኩሬተር ዕቃ ጠባቂ ከሆነ ሥራው ዕቃው እስካለ ድረስ ይቆያል። የዕውቀት መዝጋቢ ከሆነ ግን ሥራው አሁን የሚሠራ ነው። ፕላስቲክ ሰፌድ፣ የፋብሪካ ጥለትና ከውጭ የሚገባ ጀበና በየቤቱ በገቡ ቁጥር የሚቀረው የባለ እጅ ቁጥር ይቀንሳል፤ ልጆቻቸውም ሌላ እንጀራ ይፈልጋሉ፤ መፈለጋቸውም መብታቸው ነው። ሙዚየም ማንንም በሽመና ጉድጓድ አፍ ላይ ሊያቆይ አይችልም። ሊያደርግ የሚችለው ያ ሰው ከመነሣቱ በፊት ሄዶ መጠየቅ ነው።

የሐሩ መጋረጃ በተሸመነበት ዘመን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ተቋም አልነበረም፤ ዛሬ አለ። በየመጋዘናችን ያለው መዝገብ ላይ «አይታወቅም» የሚለውን ቃል የሚጽፍ ባለሙያ ከመጻፉ በፊት ማንን እንደጠየቀ ከጎኑ ቢያሰፍር፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ተመራማሪ ትልቅ ውለታ ይሆንለታል።